ለሰንበት ትምህርት ቤታችን መምህራን፦ የቅዳሜ ስብሰባ

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ደብረ ማርቆስ በአዳራሻችን እንገናኝ። ልጆቹን ከመጽሐፉ ከሚወጣው የጽሑፍ ፈተና ሌላ በምን እንደምንመዝናቸው እንወስናለን።

7ቱን ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን ዘርዝሮ ሙሉ ነጥብ ያገኘ ልጅ፣ ጥምቀት ለምን እንደማይደገም ሲጠየቅ ዝም ይላል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። መፍትሔው ግን እዚሁ ጎጃም አለ። በዋሸራም በጎንጅም የቅኔ ቤቶች ተማሪው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም ራሱ ደርሶ፣ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። የሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ አያዋጣም። እኛም ልጁ የተማረውን በራሱ አነጋገር እንዲያስረዳ፣ ለታናናሾቹም እንዲያስተምር ዕድል እንስጠው። ከ100ው ነጥብ 40ው ለዚህ ቢሆን እላለሁ።

ጾሙንና ጸሎቱን ግን ነጥብ አንስጠው። እሱ የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው።

ያለፈውን ፈተና ወረቀትና ከምታስተምሩት ትምህርት በቃል የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ኑ። ጥያቄው «ለምን» የሚል ቢሆን ይመረጣል።

መምጣት አለመምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ግሩፕ ላይ ጻፉልን። የማይመቻችሁ ስለ ነጥቡ ክፍፍል ያላችሁን ሐሳብ በድምፅ ላኩልን፤ ስብሰባው ላይ እናሰማዋለን።