ይድረስ ለወንድም ዓለም፦ ስለ ሌፍት ጆይኑ ጉዳይ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ መቆየቴ ከልብ ይቆጨኛል፤ ይቅርታህን እየለመንሁ ሌላውን ስንገናኝ እንጨዋወት። አሁን ግን፣ ልጠይቅህ እያፈርሁም ቢሆን፣ የአንተን ዐይን የሚፈልግ ጉዳይ አለኝ።

እዚህ ፍኖተ ሰላም በምሠራበት መሥሪያ ቤት ማዳበሪያ የወሰደውንም ያልወሰደውንም ገበሬ የሚያሳየው ሪፖርት ከእኔ በፊት የተጻፈ ነው። የገበሬዎቹ ሠንጠረዥ ከሥርጭቱ ሠንጠረዥ ጋር በሌፍት ጆይን፣ ማለትም ተጣማሪ ባይገኝለትም የገበሬውን ረድፍ ሁሉ በሚይዘው የመረጃ ቋት ማያያዣ፣ ተያይዟል፤ ዳሩ ግን «የሥርጭቱ ዓመት 2017 ይሁን» የሚለው ቅድመ ሁኔታ የገባው ዌር ላይ፣ ማለትም ከማያያዙ በኋላ ረድፎችን በሚያጣራው ክፍል፣ ስለሆነ፣ ምንም ያልወሰደ ገበሬ ጨርሶ አይታይም። የእርሱ የሥርጭት ዓምዶች ሁሉ ነል (ዋጋ የሌላቸው፣ ባዶ) ናቸው፤ ነል ከ2017 ጋር ሲነጻጸር ውጤቱ እውነትም ሐሰትም ሳይሆን «አይታወቅም» ይሆናል፣ ዌር ደግሞ እውነት የሆነውን ረድፍ ብቻ ያሳልፋል። በስሙ ሌፍት ጆይን የተባለው በሥራው ተጣማሪ ያላቸውን ረድፎች ብቻ የሚይዘው ኢነር ጆይን ሆኖ ቀረ ማለት ነው። የበቆሎ ዘር ወቅት ደርሶ ሳለ፣ ዝርዝሩ ሊደርስላቸው የታሰበው ሰዎች ራሳቸው ከዝርዝሩ መውጣታቸው እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ቅድመ ሁኔታውን ወደ ኦን፣ ማለትም የማያያዣው መስፈርት ወደሚጻፍበት ክፍል፣ ሳዛውረው ሁሉም ተመለሱ። አንድ ባልደረባዬ ግን ዌሩ ሳይነካ «ወይም ዓመቱ ነል ከሆነ» የሚል ቢጨመርበት ይበቃል ባይ ነው። እኔ ፈጽሞ አልስማማም፤ በ2016 ወስዶ በ2017 ያልወሰደ ገበሬ ተጣማሪ ረድፍ ስላለው ዓመቱ ነል አይሆንም፣ 2017ም አይደለም፤ ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ሳይቆጠር ይቀራል። የወረዳው ማጣሪያ በአንጻሩ የገበሬው ሠንጠረዥ ዓምድ ስለሆነ እዚያው ዌር ላይ ትቼዋለሁ፤ ኦን ውስጥ ቢገባ የሌላው ወረዳ ገበሬ ሁሉ ባዶ ዓምድ ይዞ ይመጣል እንጂ አይወጣም።

አንተ እንኳን በቅድመ ሁኔታ በነጠላ ሰረዝም የምትሟገተኝ ሰው ነህና እባክህ ሳትራራ መርምርልኝ። ያልወሰዱትን ብቻ ለመለየት ዓመቱን ኦን ላይ ትቼ፣ ዌር ላይ የሥርጭቱ መለያ ቁጥር ነል መሆኑን አስጠይቄያለሁ። ኩዌሪውን (ሪፖርቱን ከመረጃ ቋቱ የሚያወጣውን ትእዛዝ) ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ፤ ዝርዝሩ ወደ ቀበሌዎቹ ከመላኩ በፊት መልስህ ቢደርሰኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

አክባሪ ወንድምህ