በጋራ ስለምንደርሰው ታላቅ ወንዝ
የተከበራችሁ የድርሰት ክበባችን አባላት፣

በምናባዊው ግዛታችን መሃል ስለሚፈሰው ታላቅ ወንዝ የጻፋችኋቸውን ምዕራፎች በጥሞና አንብቤአለሁ። በሌሊት የሚያበሩት ዓሦች ልብን ይማርካሉ፤ ይሁን እንጂ ምን እንደሚመገቡና ውሃው በክረምት ሲደፈርስ ብርሃናቸው ምን እንደሚሆን ካልተጻፈ አስማቱ ሥር አልባ ሆኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ።

ምሳሌው ደጃችን ላይ ነው። በዓለም ላይ በጣና ብቻ ከሚገኙት የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች በርካታዎቹ ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው በጠጠራማው ወለል ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ፤ ጠጠሩ ለግንባታ ሲዛቅ ወይም የወንዙ አፍ በመረብ ሲዘጋ መራባታቸው ይስተጓጎላል። በእኛም ግዛት የሚያበሩት ዓሦች የሚወለዱበት አንድ ጠጠራማ ገባር ቢኖር፣ ንጉሠ ነገሥቱም ለቤተ መንግሥቱ ግንብ ጠጠሩን ከዚያው ቢያስዝቅ፣ የታሪኩ ግጭት ከወንዙ ከራሱ ይወለዳል።

ጀልባዎቹም ይታሰብባቸው። ትናንት ማለዳ በሐይቁ ዳር አንድ አዛውንት ውሃ ጠጥቶ የከበደ የደንገል ታንኳቸውን ጎትተው ለፀሐይ ሲያቆሙት፣ ከጫፉ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ዝርዝር በምዕራፎቻችን ውስጥ የለም።

እስከ ቅዳሜው ስብሰባችን ድረስ እያንዳንዳችሁ የወንዙን አንድ ፍጡር መርጣችሁ ኑሮውን ከክረምት እስከ በጋ እንድትጽፉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።