ለአደጋ መከላከያ የሚመደበው ገንዘብ የሕግ ጥበቃ ይፈልጋል

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

መንግሥታት በጎርፍ፣ በአውሎ ነፋስ ወይም በመሬት መንሸራተት የተጎዱትን መልሶ ለማቋቋም ስለሚመድቡት ገንዘብ የሚወጡ ዘገባዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በመጠኑ ላይ ነው። እኔ ግን ገንዘቡ የሚለቀቅበት ጊዜና የሚመራበት ደንብ ከመጠኑ ይበልጥ ሊያነጋግረን ይገባል ባይ ነኝ።

ለተጎጂ የሚከፋፈል እርዳታ በአደባባይ ይታያል፤ ተገድቦ የቀረ ጎርፍ ግን ፎቶግራፍ አይነሣም። አንድሩ ሂሊና ኒል ማልሆትራ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካ መራጮች ከአደጋ በኋላ እርዳታ ላከፋፈለ መንግሥት ድምፃቸውን ሲሰጡ፣ አስቀድሞ ለተዘጋጀው ግን ውለታውን እንዳልቆጠሩለት አሳይተዋል። በእነርሱ ስሌት ለዝግጅት የወጣ አንድ ዶላር 15 ዶላር ያህል የሚያወጣ ጉዳት ያስቀር ነበር። ስለዚህ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸው ባለሥልጣኑ ብቻ አይደለም፤ እኛም አብረን እንጮኻለን።

በዚያው አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣውና የፌዴራል የአደጋ እርዳታን በሚመራው የስታፎርድ ሕግ መሠረት ለስጋት ቅነሳ የሚሰጠው ዋናው ድጎማ የሚሰላው ለደረሰው አደጋ ከወጣው እርዳታ ላይ ሲሆን፣ የተለመደው ጣሪያም 15 በመቶ ነው። ይህን የመከላከያ ገንዘብ ለማግኘት አስቀድሞ መጎዳት ያስፈልጋል ማለት ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ከፕሮጀክቱ ወጪ እስከ 75 በመቶ ሲሸፍን ቀሪው ከግዛቱ ወይም ከአካባቢው አስተዳደር ይጠበቃል፤ ክፍያውም በአብዛኛው የሚፈጸመው አስተዳደሩ ከራሱ ካዝና አውጥቶ ማስረጃ ካቀረበ በኋላ ነው። ካዝናው የሳሳ፣ ማመልከቻ የሚያዘጋጅለት መሐንዲስ የሌለው ትንሽ ከተማ ገንዘቡ እያለ አይደርሰውም። የአዋጭነት ስሌቱ ከጉዳት በሚድነው ንብረት ዋጋ ላይ ብቻ ሲመሠረት ደግሞ ርካሽ ቤቶች ያሉበት ሰፈር ምንጊዜም ከወረፋው ጫፍ ይቀራል።

ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1996 ፎንደን የተባለ የአደጋ ፈንድ አቋቁማ፣ ኋላም ከፌዴራል በጀቷ ቢያንስ 0.4 በመቶ ለዚሁ ጉዳይ እንዲያዝ ደንግጋ ነበር። ይሁንና ለመከላከል የተለየው ድርሻ ለመልሶ ግንባታ ከሚወጣው አንጻር እጅግ ትንሽ ሆኖ ቀረ፤ ፈንዱም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 በተላለፈ ውሳኔ ፈረሰ። ግልጽነት ይጎድለዋል የሚለው ክስ እውነት ቢሆን እንኳ መድኃኒቱ ኦዲት እንጂ ማፍረስ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኦቲስ የተባለው አውሎ ነፋስ የአገሪቱን የባሕር ዳር ከተማ አካፑልኮን ሲመታ መንግሥት ገንዘብ አልመደበም ማለት አይደለም፤ ያ የፈረሰው ፈንድ ግን አልነበረም።

በአንጻሩ ባንግላዴሽን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1970 የደረሰው አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300 ሺሕ ሰው እንደፈጀ ሲገመት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 በደረሰው ሲድር የተባለ አውሎ ነፋስ የሞቱት 3 ሺሕ 400 ገደማ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው የነፋሱ መድከም አይደለም፤ በመካከሉ የተሠሩት ከፍ ያሉ መጠለያዎችና የባሕር ዳር የአፈር ግድቦች፣ እንዲሁም ድምፅ ማጉያ ይዘው ከመንደር መንደር የሚያስጠነቅቁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ይህ ሁሉ በየዓመቱ ጥገናና ሥልጠና ይፈልጋል፤ የጥገና በጀት ደግሞ ገንዘብ ሲያጥር ቀድሞ የሚቆረጠው ነው።

ስለሆነም የመከላከያው ድርሻ ከመልሶ ማቋቋሚያው ተለይቶ በሕግ ሊወሰን፣ ምክር ቤት ሳይፈቅድም ወደ ሌላ ሥራ እንዳይዛወር ሊከለከል ይገባል። አቅም ለሌላቸው አስተዳደሮችም ገንዘቡ ከሥራው በፊት ይለቀቅላቸው። የጋዜጣችሁ ዘጋቢዎች ደግሞ ይህን ያህል ተመደበ የሚል ዜና ሲደርሳቸው፣ ከዚያ ውስጥ ለመከላከል የተያዘው ስንት እንደሆነና ካለፈው ዓመት ምደባ በእርግጥ የተለቀቀው ምን ያህል እንደሆነ ጠይቀው ቢያወጡልን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የጋዜጣው አንባቢ