የጨሌ መረብ ሀብል ለምን አይቆረጥም?

ውድ ደንበኞቻችን፣

«ሀብሉ ትንሽ ሰፋኝ፤ ከጫፉ ቆረጥ አድርጋችሁ ታሳጥሩልኛላችሁ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰናል። በመረብ የተሠራውን አንቆርጥም። ለምን እንደሆነ ብናስረዳችሁ ይሻላል ብለን ነው ይህን የጻፍነው።

በአንድ ክር የተሰካ ጨሌ ችግር የለበትም። ጫፉ ይፈታል፣ ጥቂት ፍሬ ይወጣል፣ መልሶ ይታሰራል፣ አለቀ። መረብ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ አንገት ላይ የሚያርፈው ረድፍ ይሰካል። ከዚያ መርፌዋ አምስት ፍሬ ትይዝና ጥቂት ዘላ ረድፉ ውስጥ ትገባለች። ትንሽ ቅስት ወጣ ማለት ነው። በሚቀጥለው ረድፍ ክሩ የሚገባው በዚያ ቅስት መካከለኛ ፍሬ ነው። ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት እያልን በጎዶሎ የምንቆጥረውም ለዚሁ ነው፤ አራት ፍሬ መሃል የለውም።

ወደ ትከሻ በወረድን ቁጥር ቅስቱ ይሰፋል። ላይ በአምስት የጀመረው ታች ሰባት ወይም ዘጠኝ ይደርሳል። አለበለዚያ ሀብሉ ደረት ላይ ተኝቶ አይቀመጥም፤ ዳር ዳሩ ይቀለበሳል።

እንግዲህ ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳል። የሚታጠፈው መቆለፊያው ጋ ነው። እዚያ መቀስ ገባ ማለት የሁሉም ረድፍ ክር ተበጠሰ ማለት ነው። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት አንገታችሁን ለኩልን። ሜትሩን አታጥብቁት፤ ሁለት ጣት ያስገባ። ከተጠራጠራችሁ አጠር ያለውን ምረጡ። የጠበበውን ከኋላ ሰንሰለት ጨምረን እናስረዝመዋለን።

መረብ በክብደቱ ይሳባል። ሰቅላችሁ አታስቀምጡት፣ አጋድሙት። ሽቶም መጀመሪያ ተቀቡና ሲደርቅ አድርጉት፤ በተለይ ወርቅማና ብርማ ቅብ ያላቸው ጨሌዎች በሽቶና በላብ ቀለማቸው ይለቃል።

ቀድሞ የሚደክመው ግን ክሩ ነው። ግብፅ ጊዛ ውስጥ ከአንድ መቃብር የተገኘ፣ ከ4,500 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የዶቃ መረብ ቀሚስ ዛሬ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ። ሲገኝ ክሩ በስብሶ አልቋል። ከዶቃዎቹ ጥቂቱ ግን እንደነበሩ ተደርድረው ስለቆዩ ቀሚሱን መልሶ መሥራት ተቻለ። የእናንተን ለመጠገን ያን ያህል አንቆይም!

ከተበጠሰ የወደቁትን ፍሬዎች ለቅማችሁ ከሀብሉ ጋር አምጡልን። አደራ፣ ራሳችሁ አትቋጥሩት። አብዛኛውን ጊዜ የምንሠራበት 11 ቁጥር ጨሌ ወርዱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው (ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬው ያንሳል፣ ግር አይበላችሁ)። ቀዳዳው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ መካከለኛዋ ፍሬ ላይ ቢያንስ ሁለቴ ክር አልፎበታል። ቋጠሮ ከገባበት መርፌ አያልፍም። በግድ እናሳልፍ ካልን ፍሬዋ ትሰነጠቃለች፤ ያኔ አንዷን ለመተካት ዙሪያዋን ሁሉ መፍታት ሊኖርብን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጨሌ ሥራ ባልደረቦቻችሁ