መብረቁን ተዉትና ናፍጣውን እንይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ «ናይትሮጅን ኦክሳይድን መብረቅም አፈርም ያመርቱታል፤ ሾፌሩን ለምን ታስጨንቁታላችሁ?» ብለው ጽፈዋል። እኔ የናፍጣ ፓምፕና ኖዝል ሠራተኛ ነኝ፤ ነገሩ እንጀራዬን ስለሚነካ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ስለ መብረቁ ልክ ናቸው። ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ በተራ ሙቀት ከኦክስጅን ጋር አይዋሃድም። መብረቅ አየሩን 30,000 ዲግሪ ገደማ ሲያደርሰው ግን ተዋህደው ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ይሠራሉ። አፈርም እንዲሁ፦ ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርፍበት ረቂቅ ተሕዋስያኑ ነቅተው ጋዙን ይለቃሉ። (ዩሪያ የተነሰነሰበት ማሳ ይበልጥ ይለቃልና ይሄኛውን እንኳ ለተፈጥሮ ብቻ መስጠት ይከብደኛል።)

መጠኑስ? በዓለም ዙሪያ መብረቅ በዚህ ጋዝ መልክ የሚያዋጣው በዓመት 5 ሚሊዮን ቶን ናይትሮጅን ገደማ ነው። ነዳጅና የድንጋይ ከሰል ማቃጠል የዚያን ብዙ እጥፍ ያወጣል። ደግሞ መብረቁ አብዛኛውን የሚለቀው ከራሳችን በብዙ ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ የመኪና ጭስ ማውጫ ግን መንገድ ዳር ከቆመ ሕፃን ፊት ትይዩ ነው።

ደንበኞቼ «ጥቁሩን ጭስ አጥፋልኝ» ይላሉ። ፓምፑ ናፍጣውን ትንሽ ቀደም ብሎ እንዲረጭ ሲስተካከል ጭሱ ይሳሳል፣ ጉልበትም ይጨምራል። ናፍጣው የሚቃጠልበት የሲሊንደሩ ሙቀት ግን ይጨምራል፣ ናይትሪክ ኦክሳይዱም አብሮ። ይህ ጋዝ ቀለም ስለሌለው ባለመኪናው «ጠራልኝ» ብሎ መርቆኝ ይሄዳል። ውጭ አየር ላይ ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ ያ ነው አስም ያለበትን ሰው የሚያፍነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የዓመት አማካይ ወሰኑን ከ40 ወደ 10 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ያወረደው በከንቱ አይደለም።

የመኪና ፋብሪካዎቹ ይህን ስለሚያውቁ የጭሱን ከፊል ወደ ሲሊንደር መልሶ ሙቀቱን የሚያበርድ ቫልቭ ይገጥማሉ። ጥላሸት ሲይዘው ከማጽዳት ይልቅ ላሜራ ቆርጦ መድፈን በሙያችን የተለመደ ነው። ርካሽ ነው፣ መኪናውም ይነሳል፤ ማንም አይጠይቅም።

በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን እደግፋለሁ። የጭነት መኪናውና አሮጌው አውቶቡስ ግን ገና ብዙ ዓመት አብረውን ናቸው። በዓመታዊው ምርመራ ጥቁር ጭስ ታየ አልታየ ከማለት አልፎ ናይትሪክ ኦክሳይዱን የሚለካ መሣሪያ ይግባ፤ ቫልቩ የተደፈነበትም ሳይከፈት ቦሎ አይለጠፍለት።

የናፍጣ ፓምፕ መካኒክ
ከአዲስ አበባ