የኬብል ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት

ለሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት
ሮክቪል፣ ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ የኬብል ቴሌቪዥን ፈቃድ እድሳትን ይመለከታል

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

የኬብል ኩባንያዎች በመንገዶቻችን ሥርና በምሰሶዎቻችን ላይ ሽቦ የሚዘረጉት ከካውንቲው ጋር ውል ይዘው ነው። ውሉም ጊዜው ሲያበቃ ይታደሳል። አብዛኛው የእኛ ሰው ይህን አያውቅም፤ ኬብል ሲባል ትዝ የሚለው በየወሩ የሚመጣው ቢል ነው። እኔ ግን ቢሉን አስቀንሱልን ብዬ አላደክማችሁም። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 «ውድድር አለ» የሚለውን መነሻ ስላደረገ፣ ውድድር ባለበት ደግሞ ዋጋ መወሰን ስለማይፈቀድላችሁ፣ በዋጋ ላይ እጃችሁ የታሰረ ነው። የምጠይቃችሁ ሕጉ የሚፈቅድላችሁን ብቻ ነው።

ከሁሉ የማስቀድመው የሕዝብ ቻናሉን ነው። እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የኬብል ሕግ ለሕዝብ፣ ለትምህርትና ለመንግሥት የሚሆኑ ቻናሎችን በውሉ ውስጥ እንድታስገቡ ይፈቅዳል። በሕዝብ ቻናሉ ይዘት ላይ ደግሞ ኩባንያውም እናንተም አታዙም። ፖለቲካ ሲነሳ ስንት ቦታ እንደምንከፋፈል ለምታውቁ፣ ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ቻናሉ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። በብዙ ከተሞች የንግድ ቻናሎቹ በጠራ ምስል ሲተላለፉ የሕዝብ ቻናሉ በደበዘዘው ይቀራል፤ ሪሞቱን ተጭነው ዝርዝሩን ሲያወጡም የፕሮግራሙ ስም የለም፣ «የአካባቢ ፕሮግራም» ብቻ ይላል። ስሙ ያልተጻፈ የአማርኛ ፕሮግራም አንዲት እናት እንዴት አድርገው ያግኙት? የምስሉ ጥራትም የፕሮግራሙ ስም መውጣትም በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

ልጆቻችን «አሁን ኬብል ማን ያያል?» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ እነሱ አያዩም። እናቶቻቸውና አባቶቻቸው ግን ያያሉ። ደግሞም በሕዝብ ስቱዲዮ የተቀረጸ ነገር በኬብል ብቻ አይቀርም፤ ማታ ስልካችን ላይ ይደርሳል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ኩባንያው የሚከፍለው እስከ 5 በመቶ የሚሆን ክፍያ የሚታሰበው ከኬብል ቴሌቪዥን ገቢው እንጂ ከኢንተርኔቱ አይደለም። ሰው ኬብል ባቋረጠ ቁጥር የእናንተም ድርሻ ይቀንሳል። ለሕዝብ ቻናሎች ካሜራና ስቱዲዮ የሚውል የካፒታል ወጪ ግን ከዚያ ጣሪያ ውጭ ነው። እሱን አጥብቃችሁ ያዙት።

ሁለተኛው የደንበኞች አገልግሎት ነው። የፌዴራሉ መመሪያ በአዘቦት ጊዜ ከሚደወለው ስልክ 90 በመቶው በ30 ሰከንድ ውስጥ መልስ ያግኝ ይላል። በየትኛው ቋንቋ ነው? አንዲት ጎረቤቴ ቢላቸው ላይ የስፖርት ክፍያ አዩ፤ ኳስ አይተው አያውቁም። ደወሉ፣ ለእንግሊዝኛ ይህን ለስፓኒሽ ያን ይጫኑ ተባሉ፣ ዘጉት። የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት እስክትመጣ ጠብቀው፣ የ11 ዓመት ልጅ ከኩባንያ ጋር ስትከራከር ዋለች። ለዚያች ልጅ ትምህርት ቤቷ የሚልከው ማስታወቂያ በአማርኛ ይደርሳል። ካውንቲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ከጎንደር ጋር እህትማማችነት መሥርቷል። ሕጉ ከፌዴራሉ የጠበቀ የአገልግሎት ደረጃ እንድታወጡ ይፈቅድላችኋልና፣ የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ማቅረብ ግዴታ ይሁን።

ውሉ ሊያበቃ ሦስት ዓመት ሲቀረው የማኅበረሰቡን ፍላጎት የማጥናት ጊዜ ይከፈታል። ኩባንያው የሚያቀርበው ሐሳብ ወጪውን ባገናዘበ መልኩ ይህን ፍላጎት ማሟላቱም እድሳቱ ከሚመዘንባቸው አራት ነጥቦች አንዱ ነው። እንግዲህ ፍላጎታችን በመዝገብ ካልሰፈረ በኋላ ምን ተብሎ ይጠየቃል? ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነው። ስብሰባውን ሮክቪል ብቻ አታድርጉት፤ ሲልቨር ስፕሪንግም ይምጣ፣ ሰው ከሥራ ከወጣ በኋላ ይሁን፣ አስተርጓሚ ይኑር። እሑድ ጠዋት ግን አይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን ነን፤ ዓርብ ቀትርም መስጊድ የሚሄድ አለ።

የውሉን ረቂቅ ዋና ዋና ነጥቦችም ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት በአማርኛ አውጡልን። አንብበን ሐሳባችንን በጽሑፍ እንልካለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ