ስለ እኛ ብላችሁ ደንበኛ አትስደቡብን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ሰሞኑን በፌስቡክ ገጻችን ላይ እየበዛ ስለመጣ አንድ ነገር ነው። አንድ ሰው ከእኛ በገዛው ቦርሳ ላይ ያየውን ችግር ይጽፋል። እኛ መልስ ሳንሰጠው እኛን የሚወዱ ሰዎች ቀድመው ይደርሱበታል። ያሾፉበታል፣ ይሰድቡታል፣ ውሸታም ይሉታል። ይሄ እንዲቆም እንፈልጋለን።

በቅርቡ አንዲት ደንበኛ የቦርሳዋን ፎቶ ለጥፋ «ዚፑ ይዘጋል፣ ግን ከኋላው ተመልሶ ይከፈታል። ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀች። ስድብ የለው፣ ዛቻ የለው። የቱ ጋ እንደሚከፈት ሳይቀር በጣቷ አሳይታለች። ከሥሩ የተጻፈላት ግን «መጀመሪያ አጠቃቀም ተማሪ»፣ «ድንጋይ ጭነሽበት ነው?»፣ «ስንት ተከፍሎሽ ነው?» የሚል ነው። ከዚያ በላይ የከፋም ነበረበት፤ እሱን እዚህ አንደግመውም። ማታ ላይ ጽሑፏን አጠፋችው። እኛ ልናነጋግራት ስንል ፎቶውም ጥያቄውም የለም።

ዚፕ ከኋላው ሲከፈት ችግሩ ብዙ ጊዜ ከጥርሶቹ ሳይሆን ከመሳቢያው፣ ማለትም ዚፑን ለመዝጋትና ለመክፈት ከምንስበው ተንሸራታች ክፍል ነው። መሳቢያው ሲላላ ጥርሶቹን አጥብቆ ማያያዝ ያቅተዋል። በፒንሳ ቀስ ብሎ ጠበቅ ማድረግ ወይም መሳቢያውን ብቻ መቀየር ይበቃል። እሷ የፈለገችው መልስ ይህቺው ነበረች።

ለእኛ ግን ጥያቄዋ ከዚያም በላይ ነው። ዚፕ የምንገዛው በጥቅል ነው። የአንድ ጥቅል መሳቢያ የሚላላ ከሆነ በዚያው ጥቅል የተሰፉ ሌሎች ቦርሳዎችም በሰው እጅ ላይ አሉ ማለት ነው። መቼ እንደገዛችው ብናውቅ የትኛው ጥቅል እንደሆነ ለይተን የቀረውን ከመስፋታችን በፊት እንመረምረው ነበር። ችግር ገጥሞት ጊዜውን ሰጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ የሚነግረን ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው ዝም ብሎ ይሄዳል፤ ሁለተኛም አይመለስም። የሚናገረውን ሰው ካባረራችሁብን ምኑን ሰምተን ምኑን እናስተካክል?

ይህን ስንል የምታደርጉት በክፋት ነው ማለታችን አይደለም። ብዙዎቻችሁ ከጅምሩ አብራችሁን የነበራችሁ ናችሁ። ለጓደኛና ለዘመድ ነግራችሁ ደንበኛ ያመጣችሁልን እናንተ ናችሁ። ስማችን በክፉ ሲነሳ ሆዳችሁ አልችል ይላል፤ ይገባናል፣ እናመሰግናለንም። ግን ገጻችንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው የእናንተን ቃል ከእኛ ቃል አይለየውም። «እዚህ ዕቃ ገዝቶ ችግር የገጠመው ሰው እንዲህ ነው የሚባለው» ብሎ ይወጣል። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ፌስቡክ ብዙ መልስና ብዙ ምላሽ የተሰጠበትን ኮሜንት ወደ ላይ ያወጣዋል። ልታፍኑት የፈለጋችሁት ቅሬታ በስድባችሁ ምክንያት ከሁሉም በፊት የሚነበብ ይሆናል።

ያቺ ደንበኛ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ሱቅ ብትመጣና ከእናንተ አንዳችሁ እዚያ ቆማችሁ ብትሆኑ «ድንጋይ ጭነሽበት ነው?» አትሏትም። «እስቲ ልየው» ነው የምትሏት። ጆን ሱለር የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጽሑፍ ሰው ኢንተርኔት ላይ ልጓሙ የሚላላበትን ምክንያት ሲዘረዝሩ አንዱ የሌላውን ፊት አለማየቱን አንስተዋል። እኛም ገጻችን ላይ የምናየው ይህንኑ ነው። በአካል ስናውቃቸው ጨዋ የሆኑ ሰዎች ናቸው እዚያ እንደዚያ የሚጽፉት።

«የውሸት ቅሬታ የሚጽፍም አለኮ» የሚል ይኖራል። አለ። የተጋነነም ይመጣል፣ ከእኛ ያልተገዛ ዕቃም ይመጣል። እሱን ማጣራት ግን የእኛ ሥራ ነው። ስፌታችንን እናውቀዋለን፣ የትዕዛዝ መዝገብ አለን፣ ፎቶውን አይተን እንለያለን። የዋሸም ቢሆን ስለተሰደበ እውነቱን የተናገረ ሰው አላየንም። ተናዶ የሚጽፈውንም ተዉት፤ ገንዘቡን ከፍሏል፣ መናደድ ይችላል።

ድርጅቶች ቅሬታን እንዴት ማስተናገድ እንዳለባቸው የሚመክር አይ ኤስ ኦ 10002 የሚባል ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን በ2018 እንደገና ተሻሽሏል። እኛ ትንሽ ድርጅት ነን፤ ሁሉንም እንደ ትልቅ ኩባንያ መፈጸም አንችልም። ሦስት ነገሮቹን ግን ይዘናል። ደንበኛ ቅሬታ ለማቅረብ አይከፍልም። ቅሬታው ያለ አድልዎ ይታያል። የግል መረጃው ይጠበቃል። ይህቺ የመጨረሻዋ በተለይ ታሳስበናለች። የቅሬታ አቅራቢውን ፕሮፋይል ገብተው የልጆቹን ፎቶ፣ የሚሠራበትን ቦታ እያነሱ የሚጽፉ አሉ። ይህን በምንም መንገድ አንታገሥም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ደንበኛን የሚሰድብ ወይም የሚያዋርድ ኮሜንት እናጠፋለን። መደበቅ ብቻውን አይበቃም፤ ፌስቡክ ላይ የተደበቀ ኮሜንት ለጻፈው ሰውና ለጓደኞቹ መታየቱን ይቀጥላል። ጸሐፊውን በኢንቦክስ እናነጋግረዋለን። ከደገመው የቱንም ያህል የቆየ ደንበኛችን ቢሆን ብሎክ እናደርገዋለን። የሰውን የግል መረጃ የለጠፈ ግን ማስጠንቀቂያ አይጠብቅ። በደንበኛ ላይ ያሾፈ ጽሑፍን የገጻችን አድሚኖች ላይክ አያደርጉም፣ በሳቅም አይመልሱም። ቅሬታው ራሱ ግን አይጠፋም። እዚያው መልስ እንሰጣለን፤ ሲያልቅም እንዴት እንደተፈታ እዚያው እንጽፋለን።

ልታግዙን ለምትፈልጉ መንገዱ አለ። «እኔም ገጥሞኝ ነበር፣ ወስጄላቸው መሳቢያውን ቀየሩልኝ» ብሎ መጻፍ ትልቅ እርዳታ ነው። ጥሩ ነገር ከገጠማችሁ ራሱን አስችላችሁ ጻፉት፣ የሌላው ሰው ቅሬታ ሥር ሳይሆን። ቅሬታ አይታችሁ እኛ ያላየነው ከመሰላችሁ ስማችንን ታግ አድርጉልን። ከዚያ በኋላ ለእኛ ተዉት።

ገጻችን ላይ ተሰድባችሁ ጽሑፋችሁን ላጠፋችሁ ደንበኞቻችን፦ የደረሰባችሁ ነገር አሳዝኖናል። ያ መልስ የእኛ አይደለም፣ የሚወክለንም አይደለም። ዕቃው አሁንም ችግር ካለበት ፎቶውንና በግምት መቼ እንደገዛችሁት በኢንቦክስ ላኩልን። ደረሰኝ ከጠፋባችሁም ችግር የለውም፣ ከመዝገባችን እንፈልገዋለን። ሰው ፊት ደግማችሁ መጻፍ የምትፈልጉም ጻፉ፤ ኮሜንቶቹን እየተከታተልን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤቶችና ሠራተኞች